ክሮኖ ትሪገርን በዚያ በተበላሸው የኮምፒውተር ቅጂ እንደገና ጀመርኩት

አባ ካርትሪጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ርዕሱን አይታችሁ «አሁንም ክሮኖ ትሪገር?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አዎ፣ አሁንም፤ ያው ከዘመን ወደ ዘመን እየተሻገሩ የሚጫወቱት የጃፓን የቪዲዮ ጨዋታ። ያንን ብዙ የተሰደበ የኮምፒውተር ቅጂ ከሦስት ሳምንት በፊት እንደገና ከፈትኩት፤ ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ዜና እንኳን አላየሁም።

ከጨዋታው ጋር የተዋወቅነው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በእኛው አቆጣጠር። ኮምፒውተር ማሠልጠኛ ቤት ይሠራ የነበረ ጓደኛዬ ኢሙሌተሩን (የድሮ ማጫወቻዎችን ጨዋታ በኮምፒውተር የሚያስኬደውን ፕሮግራም) ከነጨዋታው በፍላሽ ይዞልኝ መጣ። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 1995 ሱፐር ፋሚኮም ለሚባለው የኒንቴንዶ ማጫወቻ ያወጡትን ጨዋታ እኔ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ ፊደሎቹ ተፍቀው ባለቁ ኪቦርድ ጀመርኩት። ጊዜውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ከተማው ስለ ሚሊኒየም በዓል ከማውራት ሌላ ሥራ አልነበረውም። ጨዋታው ደግሞ በምን ይጀምራል? የጋርዲያ መንግሥት 1000ኛ ዓመቱን በሚያከብርበት ባዛር! ደወል፣ ድንኳን፣ ፊኛ፣ የሚጠጡና የሚጨፍሩ ሰዎች። ጥቂት ሰዓት ተጫውቼ ወደ ፊት ዘመን ስሻገር፣ ላቮስ የሚባለው ፍጡር ከመሬት ፈንቅሎ ወጥቶ ዓለምን ያቃጠለው በ1999 መሆኑን አሳዩኝ። ቀና ስል ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ 1999 ይላል። ፈረንጆቹ ያን ዓመት በሰላም ካለፉት ቆይተዋል፤ እኛ ግን ገና ውስጡ ነበርን። ሳቅኩ፣ ትንሽም ደነገጥኩ።

ያኔ መጫወት ማለት ከመብራት ጋር መሽቀዳደም ነበር። የደረስክበትን ማስቀመጥ የሚቻለው በሰፊው የዓለም ካርታ ላይ፣ ወይም እዚህም እዚያም በሚያብረቀርቁት ነጥቦች ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ውጪ መብራት ከሄደ ድካሙም አብሮ ይሄዳል። የጠንቋዩን የሜገስን ግንብ ሦስት ጊዜ ከታች ጀምሬ ወጥቻለሁ።

ወደ ቅጂው ልምጣ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2018 ጨዋታው ያለ ምንም ቅድመ ማስታወቂያ ስቲም በሚባለው የኢንተርኔት የጨዋታ መሸጫ ላይ ዱብ አለ። ውጭ አገር ያለ የአክስቴ ልጅ ገዝቶ ላከልኝ። አንድ ሰዓት ሳልሞላ ዘጋሁት። የኮምፒውተር ቅጂ ይባል እንጂ የስልክ ቅጂ ነበር፤ የውጊያ ትእዛዞቹ ለአውራ ጣት የተዘጋጁ ሰፋፊ ቁልፎች ናቸው፣ እኔ ደግሞ በአውራ ጣቴ የምጫነው ስክሪን የለኝም። ፊደሉ የመሥሪያ ቤት ማመልከቻ ይመስላል። ሰዎቹን ሊያሳምሩ ብለው አለስልሰዋቸው ዋናው ገጸ ባሕርይ ክሮኖ ፊቱን በቅቤ የታሸ መስሏል። መሬቱ ደግሞ ካሬ ካሬ ሆኖ ስፌቱ ይታያል፤ ልብስ ሰፊ እንዲህ አድርጎ ቢያስረክበኝ ገንዘቤን አስመልሳለሁ።

አሁን የተመለስኩት በልጄ ምክንያት ነው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ስትመለከተኝ ቆይታ «እኔ ልሞክር» አለች፣ ወንበሩን ለቀቅኩላት። የገረመኝም ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። እኔ ስፌቱን ስቆጥር እሷ ባዛሩ ውስጥ ትዞራለች። የጠፋችውን ድመት ለባለቤቷ ልጅ መለሰች። ማርል የምትባለው ልጅ ከረሜላ እስክትመርጥ ቆማ ጠበቀች። ጠረጴዛ ላይ ያገኘችውን የሰው ምሳ ግን ጥርግ አድርጋ በላች፤ ጉልበት ይሰጣላ!

ጨዋታውን የምታውቁ ምን እንደሚከተል ታውቃላችሁ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ክሮኖ ልዕልቲቱን ማርልን አፍኖ ወስዷል ተብሎ ፍርድ ቤት ይቆማል፤ ያቺ የባዛር ቀን ሁሉ አንድ በአንድ ትመነዘራለች። ድመቷ መሰከረችላት። ምሳው መሰከረባት። ልጄ ከወንበሯ ተነሥታ «ማን ጠረጴዛ ላይ ተዉት አላቸው?» አለች። በዚያች ደቂቃ ፊደሉ ምን እንደሚመስል፣ መሬቱ ስፌት ይኑረው አይኑረው ትዝ ያለው ሰው በቤታችን አልነበረም።

ስለዚህ እንዲህ እላለሁ፦ ይህ ቅጂ የጎዳው ቆዳውን ነው፤ አጥንቱን አልነካውም። የጨዋታው ብልሃት ያለው መቼ ምን እንደሚያሳይህና የሠራኸውን መቼ እንደሚመልስልህ በማወቁ ላይ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?


መሐንዲሱ

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ወድጄዋለሁ፣ መደምደሚያህን ግን አልቀበልም። «ቆዳ» ብለህ ያቃለልከው ነገር የሰዎች የእጅ ሥራ ነው።

ስፌቱ ከየት እንደመጣ ላስረዳ። የሱፐር ፋሚኮም ስዕል ከትንንሽ ካሬዎች ይገጣጠማል፤ እያንዳንዱ ካሬ 8 በ8 ፒክስል (የስዕል ነጥብ) ነው። ሣሩ፣ መንገዱ፣ የቤቱ ጣሪያ ሁሉ ካሬዎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ መገናኛቸው እንዳይታይ ሆኖ ተሥሏል። የዚህ ቅጂ ስዕል ማለስለሻ ጎረቤቱን ሳያይ እያንዳንዱን ካሬ ለብቻው ሲያለሰልስ ጠርዙ ከጠርዙ አይገጥምም። ምንጣፍን ቆራርጠህ አጥበህ መልሰህ እንደመስፋት ነው።

ሁለተኛው ነገር መጠኑ ነው። የመጀመሪያው ስዕል 256 በ224 ፒክስል ነው። ዛሬ ቤታችን ያለው ስክሪን ቁመቱ በአብዛኛው 1080 ነው። 1080ን ለ224 ስታካፍል 4.82 ይመጣል። አንድን ፒክስል 4.82 ጊዜ ማባዛት አይቻልም፤ ስለዚህ ወይ አንዱን አራት ሌላውን አምስት ታደርጋለህ፣ ወይ ሁሉንም ታደበዝዛለህ፣ ወይ ደግሞ በ4 አባዝተህ ዳር ዳሩን ጥቁር ትተዋለህ። ሦስተኛው ሐቀኛው መንገድ ነው፤ ግን «ስክሪኑን አልሞላም» የሚል ቅሬታ ስለሚያስከትል ሻጮች አይወዱትም።

ሦስተኛም አለ። እነዚያ ሠዓሊዎች የሣሉት ለባለ ቱቦው ቴሌቪዥን ነው። ያ ቴሌቪዥን ቀለምን ከቀለም ትንሽ ያዋሕዳል፤ ሠዓሊው ያንን አውቆ ሁለት ነጥብ አጠገብ ለአጠገብ ሲያስቀምጥ ሦስተኛ ቀለም ይወጣለታል። የገጸ ባሕርያቱን መልክ የነደፈው አኪራ ቶሪያማ ነው፤ የእሱን መስመር በአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ላይ በነጥብ መልሶ ማስቀመጥ ቀላል ጥበብ አይደለም። ሰውየው እ.ኤ.አ. በማርች 2024 አርፏል። «አጥንቱ አለ» ብለን ስንጽናና ቆዳውን የሠሩት ሰዎች ድካም ዋጋ ያጣል።


ልደታ 99

እኔ ይህን ጨዋታ የጀመርኩት ከሦስት ዓመት በፊት፣ እናንተ በምትሰድቡት ቅጂ ነው። ስፌትም ቅቤም አላየሁም። አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ፣ ተከፈተልኝ፣ ተጫወትኩ፣ ጨረስኩ፣ አለቀስኩ። አበቃ።

አንዳንድ ጊዜ የምታለቅሱት ለጨዋታው ሳይሆን ለራሳችሁ የወጣትነት ዘመን ይመስለኛል።


አባ ካርትሪጅ

ልደታ፣ ልክ ነሽ፣ ግን በግማሽ ብቻ። አንቺ ያገኘሽው ከታከመ በኋላ ያለውን ነው። በወጣ ሰሞን ገዢዎች በቁጣ ስለጻፉ፣ አሳታሚው በኤፕሪል 2018 የመጀመሪያውን ማስተካከያ አውጥቶ የድሮውን ስዕል መምረጥ እንዲቻል አደረገ። ከዚያም እስከ ኦገስት ድረስ ተራ በተራ ፊደሉን፣ የንግግር ሳጥኑን፣ የውጊያ ማዘዣውን ለኪቦርድና ለጆይስቲክ እንዲመች አስተካከለ። ከዚያ በፊት ግን ፋይሎቹን ከፍተው ስዕሉንና ፊደሉን ራሳቸው የመለሱ ተጫዋቾች ነበሩ። ማለትም ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የገዛውን ዕቃ ቤቱ ወስዶ ራሱ ጠገነ።

መሐንዲሱ ደግሞ «አቃለልክ» አለኝ። አላቃለልኩም። ለስላሳውን ስዕል እኔ አጥፍቼ የድሮውን መርጬ ነበር፤ ልጄ ናት መልሳ ያበራችው። «ይሄኛው ያምራል» ትላለች። ዐይኗን ልቅጣላት?


መሐንዲሱ

አትቅጣት። ግን ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን የሚሸጥ ካገኘህ ግዛላት።


ስንዱ

እኔ ሙያዬ ትርጉም ስለሆነ ስዕሉን ለእናንተ ትቼ ስለ ቋንቋው ልናገር፤ ማንም አላነሣውምና።

በዚህ የኮምፒውተር ቅጂ የምታነቡት እንግሊዝኛ እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካኖች ያነበቡት አይደለም። የመጀመሪያውን የተረጎመው ቴድ ዉልዚ ነበር፤ ቦታ ጠብቦት፣ ጊዜ አንሶት ያጠረውን አሳጥሮ የጎደለውን ከራሱ ጨምሮ። እ.ኤ.አ. በ2008 ኒንቴንዶ ዲኤስ ለሚባለው ባለ ሁለት ስክሪን የእጅ ማጫወቻ ሲወጣ አዲስ ትርጉም ተሠራ፣ ወደ ስልክና ወደ ኮምፒውተር የተሻገረውም ያ ነው። አዲሱ ለጃፓንኛው የቀረበ ነው ይባላል፤ አልከራከርም። ነገር ግን አንድ ነገር ጠፍቷል፤ የእንቁራሪቱ አንደበት።

ግሌን የሚባለው ወታደር በሜገስ እርግማን እንቁራሪት ሆኗል። ዉልዚ ይህን ሰው በድሮ ዘመን መጽሐፍ እንግሊዝኛ አናገረው። ጃፓንኛው ላይ እንዲያ አይናገርም። ጎረቤቶቹም ያው በ600 ዓ.ም. የሚኖሩ ሰዎች ሆነው ሳለ እንደ ዘመነኛ ነው የሚያወሩት፤ እሱ ብቻ ነው እንዲያ። ስሕተት ነው። ግን እንዴት ያለ ስሕተት! አረንጓዴ፣ አጭር፣ ረግረግ ውስጥ በጉድጓድ የሚኖር ፍጡር አፉን ሲከፍት ከዜና መዋዕል የወጣ ቋንቋ ይወጣዋል። ያጣው ክብር በአንደበቱ ብቻ ቀርቶለታል። በአማርኛ ብተረጉመው «እነሆ ሰይፌ፣ እነሆም አንገቴ» እያልኩ እንደ ቤተ መንግሥት ጸሐፊ አናግረው ነበር፤ አጠገቡ ያለችው የክሮኖ ጓደኛ ሉካ ግን እንደ እኔና እንደ እናንተ ታወራለች። አዲሱ ትርጉም ይህን አስተካከለውና ትክክል ሆነ። ትክክል ሆኖም ደረቀ።

የስሞቹም ነገር አለ። በጨዋታው ውስጥ ያሉት ሦስቱ ጠቢባን በጃፓንኛ ሌላ ስም ነበራቸው። ዉልዚ ሜልኪዮር፣ ባልታሳር፣ ጋስፓር አላቸው፤ ምዕራባውያን ለሰብአ ሰገል የሚሰጧቸው ስሞች ናቸው። በአንድ ብዕር ጭረት ከምሥራቅ የመጡ፣ ኮከብ የሚያዩ፣ ስጦታ የያዙ ሽማግሌዎች አደረጋቸው። እነዚህን ስሞች አዲሱም ትርጉም አልነካቸውም፤ ደግ አደረገ።

አሁን ደግሞ የምወደውን። የፀሐይ ድንጋይ የሚባል ነገር ፍለጋ ላይ አንድ ስግብግብ የከተማ ሹም ድንጋዩን ይዞ አልሰጥም ይላል፤ ዓመቱ 1000 ነው። በልመናም በገንዘብም አይሆንም። ምን ይደረጋል? ወደ 600 ትመለሳለህ፣ የዚህን ሰው ቅድመ አያት ቤት ታንኳኳለህ፣ ሴትየዋ ቋንጣ ትፈልጋለች። ቋንጣውን በውድ ገዝተሃል፤ እሷም ጥሩ ዋጋ ልትከፍልህ ትፈልጋለች። ብትሸጥላት ምንም አይለወጥም። እንዲያው ብትሰጣት ግን ደነቃት፤ ልጆቿን ደግነት አስተምራ ታሳድጋለች፤ ከ400 ዓመት በኋላ ያ ስግብግብ ሹም ቸር ሆኖ ተወልዶ ታገኘዋለህ፣ ድንጋዩንም በፈቃዱ ያስረክብሃል። በአንድ ጥቅል ቋንጣ!


ጥላሁን በር

ስንዱ፣ አመሰግናለሁ፤ የምጫወተው ገና 12,000 ዓመተ ዓለም ላይ ነበር። አሁን ሁሉንም አወቅኩት።


ስንዱ

ይቅርታ ወንድሜ፣ ግን ጨዋታው የወጣው በ1995 ነው። ከዚህ በላይ እንድጠብቅህ ትፈልጋለህ?


ዋሽንት

እኔ ከሁላችሁም በዕድሜ ሳልበልጥ አልቀርምና ቀስ ብዬ ልጻፍ። ጨዋታውን የማውቀው በልጆቼ ነው፤ እነሱ ሲጫወቱ እኔ ጋዜጣ አነብ ነበር፣ ማለት ጋዜጣውን ይዤ ዜማውን እሰማ ነበር።

አቶ አባ ካርትሪጅ፣ «አጥንት» ያሉት እኔ እንደሚመስለኝ ዜማው ነው። ሙዚቃውን የደረሰው ያሱኖሪ ሚትሱዳ ያን ጊዜ ድምፅ ሲያበጃጅ የሚውል ወጣት ሠራተኛ ነበር፤ ዜማ እንዲደርስ ካልተፈቀደለት ሥራውን እንደሚለቅ ለአለቆቹ ነግሮ ይህን ጨዋታ ሰጡት። ያገኘውን ዕድል እንዳያጣ ሌት ተቀን ሲሠራ ጨጓራው ቆስሎ ሆስፒታል ገባ። የቀረውን ኖቡኦ ኡኤማትሱ የሚባለው ሌላ የዜማ ደራሲ ጨረሰለት። በዚያ ላይ የሠራቸው ብዙ ዜማዎች የነበሩበት ሃርድ ዲስክ ተበላሽቶበታል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ ዜማውን መጀመሪያ ስሰማ ግን ከብርታት የተሠራ ሳይሆን ከናፍቆት የተሠራ መስሎኝ ነበር።

በ600 ዓ.ም. ወደ ሜዳው ሲወጡ የሚሰማውን ያዳምጡልኝ። ከበሮው ይረግጣል፣ በላዩ ላይ ገመድ መሣሪያው ያለ ችኮላ ይሄዳል። ልጄ የገዛው የኮምፒውተር ቅጂ ላይም አዳመጥሁት፤ ስዕሉን ምንም ቢያደርጉት ይህን አላበላሹትም። ዐይኔ ደክሟል፣ ስለዚህ ስፌቱን አላየሁትም፤ እንዲያውም በዚህ ጨዋታ የሚጠቀም ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።


መሐንዲሱ

ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። በእርስዎ ላይ አልከራከርም።

ለሌሎቻችሁ ግን የትኛውን ቅጂ እንደምትጫወቱ ልናገር፤ በየጊዜው በውስጥ መልእክት ትጠይቁኛላችሁና። በፈረንጆቹ የ1999ኙ የፕሌይስቴሽን ቅጂ የካርቱን ፊልሞች ተጨምረውበታል፣ ፊልሞቹ መልካም ናቸው፤ ነገር ግን የዕቃ ዝርዝር በከፈትክ ቁጥር ሲዲው እስኪያነብ ትጠብቃለህ። ውጊያ ሲጀመርም እንዲሁ። ያ መጠበቅ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ክሮኖ ትሪገር ግን ጠላቱን እዚያው የቆምክበት ሜዳ ላይ እያሳየህ፣ ስክሪን ሳይቀይር ወደ ውጊያ የሚያስገባ ጨዋታ ነው። የዚያን ዘመን ሌሎች ጨዋታዎች በየሦስት እርምጃው ድንገት ወደ ሌላ ስክሪን ሲወረውሩህ፣ ይህ ግን አያቋርጥህም። በሲዲ መጠበቅ ያንን ትንፋሽ ይቆርጠዋል። የዲኤስ ቅጂ ግሩም ነው፤ የማዘዣ ዝርዝሩ ወደ ታችኛው ስክሪን ስለወረደ ላይኛው ሜዳ ንጹሕ ሆኗል። ተጨማሪ ዋሻዎችም አሉት፤ አሰልቺ ናቸው፣ እለፏቸው። የኮምፒውተሩ እነዚያን ዋሻዎችም ፊልሞቹንም ይዟል፤ በራሱ ጊዜ የሚያስቀምጥልህ መሆኑ ደግሞ መብራት ለሚጠፋበት ቤት ትልቅ ነገር ነው። ይህን ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆናል።

ስለዚህ አባ ካርትሪጅን በግማሽ መንገድ አገኘዋለሁ። አጥንት የምለው ግን ታሪኩን ሳይሆን ያንን አለማቋረጥ ነው። የጉዳቱም መለኪያ እሱ ነው። ፕሌይስቴሽኑ መልኩን ሳይነካ ትንፋሹን ቆረጠ፤ ኮምፒውተሩ መልኩን አበላሽቶ ትንፋሹን ተወለት። እኔም ይህን ስጽፍ ነው የገባኝ፣ ሁለተኛው ይሻላል። አትሳቁብኝ።


ልደታ 99

ይህን ዓረፍተ ነገር አትሜ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ኪቦርድ ላይ የሉካን እናት ያዳነ ሰው አለ? እኔ አላዳንኳትም፤ ምን እንደምጫን ሳላውቅ ጊዜው አለፈ።


ስንዱ

ጥላሁን በር፣ ይህንን አታንብብ።

ልደታ፣ አብሮን የሚጓዘው ሮቦት ሮቦ በረሃ የሆነውን መሬት ደን ለማድረግ ብቻውን 600 ላይ ይቀራል፤ እኛ በዘመን መርከቧ ወደ 1000 ተሻግረን ስናገኘው 400 ዓመት ሠርቶ፣ ዝጎ፣ እንደ ቅርስ ተቀምጦ ነው። ለእኛ አንድ ደቂቃ አልፏል። በዚያች ሌሊት እሳት ዙሪያ ተቀምጠው ሲያወሩ ሉካ ትነሣለች፤ ወደ 990 ትመለሳለች፣ እናቷ ልብሷ በማሽን ተይዞ እግሯን ወደ አጣችበት ቀን። ማሽኑ የሚቆመው በምስጢር ቁልፍ ነው፤ ቁልፉ የእናቷ ስም ነው፣ ላራ። በመጀመሪያው መሣሪያ ጆይስቲኩ ላይ ያሉት ቁልፎች ስማቸው ፊደል ስለነበር ኤል፣ ኤ፣ አር፣ ኤ ብለህ ስትጫን ስሟን በጣቶችህ ትጽፋለህ። ልጅ ሆኜ እጄ ተንቀጥቅጦ ሳትኩት። እናትየዋ እግሯን አጣች፣ ጨዋታውም ቀጠለ፤ «እንደገና ሞክሪ» የሚል ነገር አልመጣም።

ኪቦርድ ላይ ግን ያ ትርጉሙ ይጠፋል። የትኛው ቁልፍ ለየትኛው እንደቆመ ማወቅ አለብሽ፤ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ወደ ቁልፍ ፍለጋ ይወርዳል። አባ ካርትሪጅ፣ እዚህ ላይ ቅጂው ቆዳውን ብቻ ነካ ማለት ይቻላል? ይህ ትዕይንት የተሠራው ከጆይስቲኩ ነው። ልጅህ እዚያ ከመድረሷ በፊት ከጎረቤት ጆይስቲክ ተዋስላት።


አባ ካርትሪጅ

ስንዱ፣ ረታሽኝ። ስለ ላራ አስቤ አላውቅም ነበር፤ እኔም ያኔ በኪቦርድ ስለነበርኩ አላዳንኳትም። አሁን ነው ምክንያቱን ያወቅኩት።

ከባለፈው ወዲህ ያለውን ልንገራችሁ። 2300 ላይ ስንደርስ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ሰዎች ጉልላት ስር ተቀምጠዋል፣ የሚበላ የለም። ውስጡ የሚገባበት ማሽን አለ፤ ገብተህ ስትወጣ ጉልበትህ ሙሉ ይሆናል፣ ረሃብህ ግን እንዳለ ነው ይልሃል። ልጄ ይህን አንብባ ዞር ብላ አየችኝና «ታዲያ ምን ይሠራል?» አለች። በኋላም የምግብ መጋዘኑ ውስጥ የሞተ ሰው አገኘን፤ የተረፈው አንድ ፍሬ ዘር ነው። ምግቡ ሁሉ በስብሷል። ዘሩን ወስደን ለሽማግሌው ስንሰጠው ቀጥላ የምትጫወት መስሎኝ ነበር፤ ተነሥታ ወጥ ቤት ሄደች፣ በእጇ ዳቦ ይዛ መጣች። ምንም አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

ከዚያ ትናንት ማታ ባሕር ሥር ያለው ቤተ መንግሥት ደረስን። የምታውቁ ታውቃላችሁ። ክሮኖ ሞተ። እኔ እያወቅኩ ዝም ብዬ ነበር።


ጥላሁን በር

እኔ እኮ እያነበብኩ ነው!


አባ ካርትሪጅ

ወንድሜ ጥላሁን፣ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ነበረብኝ፤ ይቅር በለኝ።

ሁለት ቀን ኮምፒውተሩን አልነካችም። ዛሬ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ «ይህ ጨዋታ ወደ ኋላ መመለስ የሚቻልበት ጨዋታ አይደለም እንዴ? ታዲያ ለምን አንመለስም?» አለች። እኔ በ1999 ሦስት ቀን ፈጅቶብኝ ነበር ይህን ለማሰብ። እንዲያውም ክሮኖን ከሞት ሳያስነሡት ጨዋታውን መጨረስ እንደሚቻል ስነግራት «ማን ነው እንደዚያ የሚያደርገው?» ብላ ተቆጣችኝ።

ወደ ባዛሩ ተመለስን፤ ክሮኖን ለመመለስ የሚያስፈልገውን የእሱን አምሳያ ለማግኘት ድንኳኑ ውስጥ ያለውን የማስመሰል ውድድር ማሸነፍ ነበረብን። አሻንጉሊቱ ግራ እጁን ሲያነሣ ግራ፣ ቀኝ ሲያነሣ ቀኝ፣ ሲስቅ ሳቅ። በኪቦርድ አምስት ጊዜ ተሸነፍን። በመጨረሻ ሥራ ተከፋፈልን፤ እሷ ሁለት ቁልፍ፣ እኔ ሁለት ቁልፍ። በስድስተኛው አሸነፍን፤ እናቷ ጩኸቱን ሰምታ መጣች።

አሁን ያለነው የሞት ተራራ ላይ ነው፣ ነፋሱ ወደ ገደሉ እየገፋ ይጥለናል። አራት ጊዜ ወድቀን ከታች ጀምረናል። ኪቦርዱ ነው ወይስ እኛ ነን? መሐንዲሱ፣ ትውስ የሚልህ ነገር አለ?


መሐንዲሱ

እናንተ ናችሁ። ነፋሱ ሲመጣ ከዛፉ ጀርባ ቁሙ፣ አትንቀሳቀሱ። ጋብ ሲል ወደሚቀጥለው ዛፍ ሩጡ። ለስላሳው ስዕል በርቶ ከሆነ ዛፉን ከበረዶው መለየት ያስቸግራል፤ ለዚህች ተራራ ብቻ ወደ ድሮው ቀይሩት።


አባ ካርትሪጅ

ቀየርነው። እሺ አለች፣ ለዚህች ተራራ ብቻ። ሁለተኛው ዛፍ ጋር ነን።